ጃርት ከኋላዋ ሲነኳት

ተረት መጣላችሁ፤ ጠጋ ጠጋ በሉና ቦታ ልቀቁለት። እኔ ሳወራ እናንተ «እሺ፣ ከዚያስ?» እያላችሁ አጅቡኝ። ዝም ካላችሁኝ እንቅልፍ ወሰዳቸው ብዬ አቆማለሁ።

ድሮ ድሮ፣ እንስሳውም ዕቃውም አፍ በነበረው ዘመን፣ አንድ ክረምት ዝናብ ቀረ። ምንጩ ደረቀ፣ ወንዙም ደረቀ። በአገሩ የተረፈው ውሃ እትዬ ቅል ሆድ ውስጥ ያለው ብቻ ነበር። እሷም ብትሆን ለሁሉም ጉንጭ ጉንጭ እያደረገች ብታጠጣ ከጥቂት ቀን አታልፍም።

አያ አህያ እንስሳቱን ሰበሰበና «ደቦ ወጥተን ጉድጓድ እንቆፍር» አለ። ሁሉም እሺ አሉ። አያ አህያ የደቦው አለቃ ሆነ፤ አፈሩንም እሱ ይሸከማል። አያ ዝንጀሮ ዘፈን ያወጣል። እሜት ጃርት ትቆፍራለች፤ በቁፋሮ የሚስተካከላት የለም። ሕግም ወጣ፤ ጓዱን ሦስት ጊዜ የጎዳ ከደቦው ይወጣል፣ ከደቦው የወጣም ከጉድጓዱ አይቀዳም ተባለ።

እሜት ጃርት ሁለት ጨቅላ ልጆች ነበሯት። አፋቸው ደርቆ ዓይን ዓይኗን ያዩዋታል። እሷም በማለዳ ትወጣና ትቆፍራለች፣ ትቆፍራለች።

በመጀመሪያው ቀን አያ ዝንጀሮ ዘፈኑ ሞቅ አለለት። ከጃርት ኋላ መጣና «እሰይ የኔ እመቤት፣ በርቺ» ብሎ ጀርባዋን መታ አደረጋት። የደቦ ወግ ነው፤ የሚሠራን ጀርባውን መታ መታ አድርገው ያበረቱታል። የእሜት ጃርት እሾህ ግን ቀጥ አለና መዳፉን ወጋው።

«ምን አደረግኩሽ?» አለ እጁን እየላሰ።

«ምንም» አለች። ወደ ቁፋሮዋም ተመለሰች።

በሁለተኛው ቀን አያ አህያ አፈር ሊያነሳ ከኋላዋ ሲያልፍ ነካ አደረጋት። እሾኋ ተነሳ፤ አፍንጫውን ወጋችው።

«ይቺ ቁጡ ናት፤ አመሏ ነው» አለ ዝንጀሮ። «አንተም ብትሆን ግትር ነህ። ሸክምህን ይዘህ መሃል መንገድ ላይ ትገተራለህ።»

«አንተስ ቀዥቃዣ አይደለህም?» አለው አህያ።

እንዲህ ስም ሲለጣጠፉ ዘፈኑ ቆመ፣ ቁፋሮውም ቆመ። አያ አህያ ፊቱን አጥቁሮ «እሜት ጃርት፣ ሁለት ሆነ። ሦስተኛ ከወጋሽ ከደቦው ትወጫለሽ» አላት።

እሜት ጃርት አፈሩ ላይ ዘፍ አለች። ልጆቿ በእሷ እሾህ የተነሳ በውሃ ጥም ሊያልቁ መሆኑን አሰበችና እንባዋ ወረደ። «እሾኼን ልንቀለው ይሆን?» አለች ለራሷ፤ አንዱን ይዛም ጎተተችው።

ይህን ጊዜ እትዬ ቅል ተናገረች። «ተይ ልጄ፣ ተይው። እናንተም ቁጭ በሉ። እኔ በየከንፈራችሁ ስዞር የኖርኩ ነኝ፤ አጠጣጣችሁን አውቃለሁ። አንተ አያ አህያ፣ ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ነው የምትጠጣው፤ ጠማኝ ብለህም አታውቅ። አንተ አያ ዝንጀሮ፣ ደስ ሲልህ ወደ ላይ ወርውረህ ትቀልበኛለህ፤ ውሃዬንም ታፈሰዋለህ። አንቺ እሜት ጃርት፣ ከመጠጣትሽ በፊት ሦስት ጊዜ ወደኋላሽ ትዞሪያለሽ። እኔ ያየሁት ይህን ነው። ምክንያቱን የምታውቁት ግን እናንተው ናችሁ፤ በሉ ንገሩን።»

ከዚያ አያ አህያ ጆሮውን ጣል አድርጎ «አለቃ ሆኜ ደከመኝ ማለት ያሳፍረኛል» አለ። «ለዚህ ነው ዝም ብዬ የምቆመው።»

«እኔ ደግሞ» አለ ዝንጀሮ፣ «ደስታ ሲይዘኝ ዓይኔ ማየት ይተዋል። እጄ ይቀድመኛል።»

እሜት ጃርት መሬት መሬቱን እያየች «ልጅ ሆኜ እናቴን ነብር ከኋላዋ መጥቶ ወሰደብኝ» አለች። «ከኋላዬ የመጣ ሁሉ ነብር ይመስለኛል። እሾኼ ሳይጠይቀኝ ይነሳል። እስከ ዛሬ እኔም ቁጡ ነኝ ብዬ አምን ነበር። ለካ ፈሪ ነኝ።»

አያ ዝንጀሮ የተወጋ መዳፉን አየው። እንደ ቀድሞው አላመመውም።

በማግስቱ ሥራው ሌላ መልክ ያዘ። ዝንጀሮ ከጉድጓዱ አፍ ላይ፣ ፊት ለፊቷ ተቀምጦ ይዘፍናል። ከኋላዋ የሚያልፍ ሁሉ «እኔ ነኝ» እያለ ያልፋል። አያ አህያ ሲቆም ሸክሙን ያወርዱለታል። ጉድጓዱም ጠለቀ፣ ጠለቀ፣ ጠለቀ።

በአምስተኛው ቀን ከእሜት ጃርት እግር ሥር አፈሩ ረጠበ፤ ውሃው ቡልቅ አለ። አያ ዝንጀሮ ደስታው ጣራ ነካ። ዘሎ ወረደና ከኋላዋ አቀፋት። ሰባት እሾህ ደረቱ ላይ ተተከለ።

እሜት ጃርት ውሃው አጠገብ ቆማ አንድ ጠብታ አልቀመሰችም። «ሦስት ሆነ» አለች። «ልጆቼን ብቻ አጠጡልኝ፤ እኔ እወጣለሁ።»

«የምትወጪበት ምክንያት የለም» አለ ዝንጀሮ እያቃሰተ። «እጄ እንደሚቀድመኝ ነግሬያችኋለሁ፤ አንቺም የሚያስፈራሽን ነግረሽናል። የረሳሁት እኔ ነኝ።»

ሁሉም ወደ አለቃው አዩ። አያ አህያ ጥቂት አሰበና «ያን ሕግ ያወጣነው ሳንተዋወቅ ነው» አለ። «ይፍረስ።»

እሜት ጃርት ልጆቿን ጠርታ አጠጣች። ከዚያ ዝንጀሮን አጠገቧ አስቀምጣ እሾኹን አንድ በአንድ ነቀለችለት። «ቀስ በይ» ይላታል፤ «አይዞህ፣ አንዷ ብቻ ቀርታለች» ትለዋለች። አያ አህያም በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት «እኔ ደክሞኛል» ብሎ ተጋደመ። የሳቀበት አልነበረም።

አመላቸው ለቀቃቸው እንዳትሉኝ። የእሜት ጃርት እሾህም ይነሳል፣ ዝንጀሮንም እጁ ይቀድመዋል፣ አህያም ይገተራል። ግን ከዚያ ወዲህ በዚህ የተጣላ የለም። ስለዚህ እንዲህ እላችኋለሁ፦ አመሉን ለይቶ ለጓዱ የነገረ፣ የጉድጓዱን ግማሽ ያን ጊዜ ቆፈረ።

ተረቴ አለቀ፣ ጉሮሮዬም ደረቀ፤ የሰማ ጆሯችሁ ይባረክ።