በወንድም ስም የተሰጠ ደም

በአንድ ወቅት፣ ሩቅም አይደል፣ በአንዲት የገበያ ከተማ ስማቸው እና ይርሳው የሚባሉ ወንድማማቾች ነበሩ። ታላቁ ስማቸው ሊያገባ ሲል ቤተ ክርስቲያን የኤችአይቪ ምርመራ ወረቀት አምጣ አለችው። ፈራ። ታናሹን ይርሳውን ጠርቶ፣ «መልካችን አንድ ነው፤ መታወቂያዬን ይዘህ በስሜ ደም ስጥልኝ። ለሰው ብትናገር የአባታችን አጥንት ይፋረድህ» አለው። ይርሳው ታላቁን እንቢ ማለት አያውቅም፤ ሄዶ ሰጠ። ወረቀቱ «ነፃ» ብሎ መጣ፤ ተደገሰ፣ ተበላ፣ ተጠጣ።

አራት ዓመት ቆይቶ ስማቸው ይከሳ ጀመር። ሳሉም አልለቅ አለው። ታይፎይድ ነው ተባለ፣ ጨጓራ ነው ተባለ። ሐኪሞች «ኤችአይቪ ተመርምረህ ታውቃለህ?» ሲሉት ያቺን ወረቀት ከደረት ኪሱ መዘዝ ያደርጋታል፤ እነሱም አይተው ይተዉታል። ይርሳው፣ ወንድሙ ቀበቶው ላይ በምስማር አዲስ ቀዳዳ ሲበሳ ባየ ቁጥር ተነስቶ ይወጣል። እንዳይናገር የአባቱ አጥንት አለ፤ ዝም እንዳይል ወንድሙ እያለቀ ነው። የስማቸው ሚስት እናንዬ ደግሞ ነፍሰ ጡር ናት።

መጀመሪያ የተነሳችው የጤና ጣቢያዋ ነርስ ሲስተር መሰሉ ናት። ወረቀቱን ገፋ አድርጋ፣ «የታመመው ወረቀቱ አይደለም፤ ክንድህን አምጣ» አለችው። ተቆጥቶ ወጣ። እሷም አልተወችውም፤ ሚስቱ ለእርግዝና ክትትል እንድትመጣ መልእክት ላከች።

ሁለተኛዋ እናንዬ ናት። ባሏን ሳታስፈቅድ ሄዳ ተመረመረች፤ ቫይረሱ ተገኘባት። መድኃኒቷን ደብቃ ብትውጥ ማን ያውቅባት ነበር? ቤት ገብታ ግን፣ «በደሜ ተገኝቷል። ሳትሞትብኝ አንተም ተመርመር» አለችው። አይ እናንዬ። የእሱ ወረቀት ነፃ ነዋ፤ እንግዲህ በሽታውን ያመጣችው እሷ ሆነች ማለት ነው። ዘመድና ሽማግሌ ተሰብስቦ ከነሆዷ ከቤት ትውጣ ተባለ። ስማቸው እውነቱን እያወቀ አንገቱን ደፋ።

ሦስተኛው ይርሳው ነው። ከሽማግሌዎቹ ኋላ ቆሟል፤ የአባቱ አጥንት እዚያው የሚፋረደው መሰለው። እንደ ምንም ወደ ፊት ወጣና፣ «የተመረመረው ደም የእኔ ነው» አለ። በማግስቱ ስማቸው ክንዱን ሰጠ። «ትንሽ ቢቆይ ኖሮ አናተርፈውም ነበር» አለች ሲስተር መሰሉ።

መድኃኒቱ ስማቸውን አነሳው። ልጁም ተወለደ፤ የመጀመሪያው ምርመራ ነፃ ነው አለ፣ የመጨረሻው ገና ይቀረዋል። በክርስትናው ዕለት ስማቸው ሕፃኑን ታቅፎ፣ «ከእግዚአብሔር በታች ያዳነን ሰው ስሙን ያውጣለት» አለ።

አንዱ ሽማግሌ፣ «መሰሉ ናት፤ ወረቀቱን ብታምን ኖሮ ቀብረነው ነበር» አለ። ሌላው፣ «እናቱ ናት፤ ትዳሯን አስይዛ ተናገረች» አለ። ሦስተኛው፣ «ይርሳው ነው፤ እሱ ባይናገር እናትና ልጅ ሜዳ ላይ ነበሩ» ሲል አንዲት አሮጊት፣ «አራት ዓመት ዝም ያለውስ ማን ነው?» አሉ።

ያን ጊዜ ሕፃኑ ሳል አለ፤ ይርሳው ክው ብሎ ቀረ።

ልጁ እስካሁን ስም አልወጣለትም። እስቲ እናንተ ፍረዱ፤ ስሙን ማን ያውጣለት?