የዝናቡ ዘፈን ባለቤት

አንድ ጥያቄ ለዓመታት አብሮኝ ኖሯል። የተወደደ ዘፈን የማን ነው? መጀመሪያ የዘፈነው ሰው ብቻ ነው ወይስ ከእሱ በኋላ ያንጎራጎረው ሁሉ?

አንድ ንጋቱ የሚባል ዘፋኝ ነበር። በወጣትነቱ፣ ዝናብ አግዶት ሱቅ በረንዳ ላይ ተጠልሎ ፍቅረኛውን ስለሚጠብቅ ሰው በሳክስፎን ታጅቦ ዘፈነ። ከተማው በሙሉ ወደደለት። ዓመታት ሲያልፉ ሌሎችም ዘፈኑት። አንዱ ለሰርግ እንዲሆን አፈጠነው፤ ሌላዋ በክራር ብቻ አለሳልሳ ተጫወተችው፤ የኋለኞቹ ደግሞ ሳክስፎኑን አውጥተው ኪቦርድ አስገቡበት። ንጋቱ አንዱንም አልወደደም። «ልጄን የሰው ልብስ እያለበሱ ያዞሩብኛል» እያለ ሲያማርር ሸመገለ።

አንድ ቀን ረድኤት የምትባል ወጣት ድምፃዊት ቤቱ መጣች። በከተማው በዓል ላይ ያንን ዘፈን ልትዘፍን ተመርጣለች፤ የመጀመሪያ መድረኳ ነው። አዘጋጆቹ ግን ያለ እሱ ፈቃድ አይሆንም ብለዋታል።

«ጋሼ፣ ይፍቀዱልኝ።»

«አልፈቅድም! እናንተ ልጆች ታበላሹታላችሁ።»

«እንዳላበላሸው ያስተምሩኛ!»

ይቺ መልሷ ደስ አለችው። ጉሮሮውን ጠራርጎ ጀመረ። አዝማቹ መጨረሻ ላይ ሲደርስ እያጨበጨበ «ነይማ፣ ነይማ!» አለና ቆመ።

«አየሽ ልጄ፣ የዘፈኑ ልብ እዚህ ጋ ነው። ይህቺን እንደ እኔ የሚላት የለም።»

ጓዳ የነበረችው ባለቤቱ አስካለ ሳቋ አመለጣት።

«ምን ያስቅሻል?»

«አንተ ሰውዬ፣ ‹ነይማ› እኮ ያንተ አይደለችም! እድምተኛው እንዲቀበለው ብሎ የጨመራት ያ የሰርግ ዘፋኝ ነው። ስትረግመው የኖርከው!»

«ሂጂ ወዲያ! የገዛ ዘፈኔን ልታስተምሪኝ ነው?»

አስካለ የድሮውን ካሴት አምጥታ ከፈተችው። የወጣቱ ንጋቱ ድምፅ አዝማቹን ጨረሰ፤ ሳክስፎኑ ተከተለ። «ነይማ» የለችም። አስደግሞ ሰማ። አሁንም የለችም።

ካሴቱን አጠፋው። ከዚያ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ለካ እየሳቀ ነው።

«እኔም ይህን ሁሉ ዘመን የዚያን ሰውዬ ነዋ የምዘፍነው!»

«እና ይፈቅዱልኛል?» አለች ረድኤት።

«ዝፈኚ። ግን አንቺም የሆነ ነገር ጨምሪበት፤ ሳላውቀው እወስድብሻለሁ።»

በበዓሉ ቀን ፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ከሁሉም ሰው ድምፅ በላይ «ነይማ!» እያለ የተቀበላት እሱ ነበር።

የወደድነውን ነገር ሌሎች ሲነኩት የተወሰደብን ይመስለናል። እሱ ግን ዞሮ ዞሮ፣ እኛ ያላሰብነውን ይዞ ይመለሳል። እናንተስ «ሌላ ሰው አሳምሮ ሠርቶታል» ብላችሁ የተዋችሁት ነገር የለም?

እኔ አለኝ። ከዋናው ዘፋኝ አንሳለሁ ብዬ በሰው ፊት ዘፍኜ አላውቅም፤ ማይክ ሲሰጡኝ ጎኔ ላለው ሰው አሳልፋለሁ። በሚቀጥለው ወር እህቴ ታገባለች። ያን ቀን ማይኩን አላሳልፍም።