የተደፈኑት አራት ቀዳዳዎች

አንዲት ሴት የብፌዋ አንድ እግር ወለሉ ውስጥ መስመጡን ያየችው ዘግይታ ነው። ብርጭቆዎቹ ወደ አንድ ጎን ሲንሸራተቱ፣ ለወራት ያህል፣ ማን ነካካቸው እያለች ትመልሳቸው ነበር።

ቤቷ ደሴ፣ ተዳፋት ላይ የቆመ፣ ወለሉ ጣውላ የሆነ የድሮ ቤት ነው። በጣውላውና በመሬቱ መካከል አንድ ክንድ ያህል ባዶ ቦታ አለ። የሠሩት ሰዎች ነፋስ እንዲያገኘው ብለው በድንጋይ መሠረቱ ላይ አራት ቀዳዳ ትተዋል። እሷ ግን ቀዳዳ ስታይ የሚታያት ሌላ ነው። እባብ ቢገባስ? አይጥ ቢፈለፈልስ? ብርዱ ልጄን ቢያሳምምብኝስ? አንድ ክረምት ሊገባ ሲል አራቱንም በጨርቅ ጠቀጠቀች፤ በሲሚንቶ ለሰነች።

እባብ አልገባም። እርጥበቱስ በየት ይውጣ?

አናጢው አቶ ገብረየስ ጣውላውን ሲያነሱ፣ ከሥር የተሸከመው እንጨት ውሃ እንደነካው ዳቦ በጣታቸው ተቆረሰ። ቀኑ ሐሙስ ነው። እሑድ የማኅበሩ ተራ የእሷ ነው፤ ሠላሳ ሰው እዚያ ወለል ላይ ሊቀመጥ! ደግሞ በጽዳቷ ሰፈሩ የሚያወራላት ሴት ናት።

አቶ ገብረየስ ዞረው ቀዳዳዎቹን አዩና፣ ቤቱን አፍኖ የገደለው ጠላት ማን እንደሆነ ጠየቁ። ልጇ ምንትዋብ አጠገቧ ቆማለች፤ አታውቅም። ተከራይዋም በር ላይ ቆማለች፤ ዝምተኛ ናት፣ ቢላከክባት እንኳ አትከራከርም።

የተከራይዋ ስም እናትየዋ ምላስ ላይ መጣ። አልዋሻችሁም፣ መጣ። ዋጠችው።

“እኔ ነኝ” አለች። “እባብ ፈርቼ ነው የደፈንኩት።”

“ወይዘሮ አስካለ፣ ለእባቡ እኮ ወንፊት ሽቦ ይበቃው ነበር” አሉ አናጢው።

ምንትዋብ ሳቀች። ከዚያ መዶሻና መሮ አምጥታ፣ “ነይ እማዬ፣ አብረን እንክፈተው” አለቻት። እናትና ልጅ ተንበርክከው ሲሚንቶውን ፈለፈሉት።

ወለሉ ለእሑድ አልደረሰም። ሴትየዋ በየቤቱ ዞራ ምክንያቱን ራሷ ተናገረች፤ ማኅበርተኞቹንም ግቢዋ ውስጥ ድንኳን ተክላ ተቀበለቻቸው። አንገቷን የምትደፋ መስሏችኋል? ልጇ ለእንግዳው ሁሉ፣ እናቴ ራሷ ደፈነች፣ ራሷ አመነች፣ ራሷ ከፈተች እያለች ስትኮራባት፣ እናትየዋ ቀና ብላ ታስተናግድ ነበር።

ወገኖቼ፣ እናንተስ ምን ደፍናችኋል? ሰው እንዳያውቅብን፣ ልጆቻችን እንዳይንቁን ብለን ስንቱን ለሰንን? ላዩን እናጥባለን፣ እንወለውላለን፤ ሥሩስ? ፍርሃትን ጥንቃቄ ብለን ስም ስላወጣንለት መበስበሱ ይቀራል?

ንስሐ ቤት አያፈርስም። ቤቱን የሚያፈርሰው የታፈነው ነው።

ዛሬ ማታ ስትገቡ አንድ ሰው ፊት ቁሙና “እኔ ነኝ” በሉ። ይከብዳል፤ አውቃለሁ። ብቻ በሉት። ከዚያም ቤታችሁ ውስጥ የታፈነ፣ የሚያስፈራችሁ ነገር ሳይኖር፣ ቀና ብላችሁ ሂዱና በራችሁን ለሌሊቱ ቆልፋችሁ ተኙ።