አልጽፍም ያለው ስክሪን

ተጠጉ እንጂ፣ ተረት ይዣለሁ፤ ወንበር ያጣ መሬት ይቀመጥ።

ኮምቦልቻ ውስጥ ትርሲት የምትባል፣ ኤሌክትሮኒክስ የተማረች ልጅ ነበረች። የእናቷ የወይዘሮ አስካለ ጆሮ አይሰማም። አምና ታናሽ እህታቸው የሺመቤት ከወልዲያ ድረስ መጥተው፣ ደወል ሲደውሉ በር ሲደበድቡ ውለው፣ «እህቴ በር ዘጋችብኝ» ብለው አኩርፈው ተመለሱ። ዘንድሮ ሽማግሌ ገባና፣ «በዚህ ሳምንት አንዱን ቀን እመጣለሁ፤ በሩ ካልተከፈተልኝ ግን እህት የለኝም» ብለው ላኩ። ወይዘሮ አስካለ ጭንቅ ይዟቸዋል፤ ትርሲት ደግሞ ከሰዓት ከሰዓት ሥራ ትገባለች።

«ደወሉ ሲነካ አምፖል ይብራልሽ?» ብላ ወረቀት ላይ ጻፈችላቸው።

«አምፖል ሲበራማ መብራት መጣ ብዬ ሽንኩርቴን መክተፌን እቀጥላለሁ!» አሉ። «ይልቅ ይጻፍልኝ። በራሴ ፊደል ‹ሰው መጥቷል› ይበለኝ።»

የፈለጉት ይህንኑ ነው፤ ሁለት ቃል።

ትርሲት ጥፍር የምታህል ቺፕና ትንሽ ስክሪን ገዝታ ከደወሉ ጋር አያያዘች፤ ፕሮግራሙንም ከሌላ ሰው ሥራ እየቀዳች ኮምፒውተሯ ላይ ጻፈች። ከዚያ ስክሪኑን፣ «በል ጻፍ» አለችው።

«ቺፑ ሳይነግረኝ ምን ብዬ?» አላት።

ስክሪኑ አይጽፍ፣ በሩ አይከፈት፣ እትዬ የሺመቤት ሊመለሱ!

ወደ ቺፑ ዞረች። «ለስክሪኑ ንገረዋ!»

«ፕሮግራሙ ሳይደርሰኝ ምኑን ልንገር? ቁርጥራጩን ሰብስቦ፣ ለእያንዳንዱ ቦታ ሰጥቶ የሚልክልኝ ኮምፒውተርሽ ውስጥ ያለው ሊንከር ነው። እሱን ጠይቂው።»

ቺፑ አይነግር፣ ስክሪኑ አይጽፍ፣ በሩ አይከፈት፣ እትዬ የሺመቤት ሊመለሱ!

ሊንከር ቁጡ ነው፤ ሰው የሚያናግረው በቀይ ጽሑፍ ነው። «አልልክም! ራም ሞልቶ ፈሷል!» ብሎ ጮኸባት።

ሊንከር አይልክ፣ ቺፑ አይነግር፣ ስክሪኑ አይጽፍ፣ በሩ አይከፈት፣ እትዬ የሺመቤት ሊመለሱ!

ራም ማለት ቺፑ ውስጥ ያለ፣ በሥራ ላይ የሚለዋወጥ ነገር የሚቀመጥበት ጠባብ ክፍል ነው። «ምን ላድርግ ልጄ?» አለ እያለከለከ። «ፊደሎቹ ከነቤተሰባቸው ገቡብኝ፤ ከሀ እስከ ፐ፣ አንዱ ሰባት እየሆነ! ፕሮግራሙን የቀዳሽው እንግሊዝኛ ከሚጽፍ ሰው ነው። የሱ ሃያ ስድስት ፊደል ጥጌ ላይ ቢቀመጥ ማንም ልብ አይልም። የኛዎቹ ግን ከሁለት መቶ በላይ ናቸው። ካልተነሱልኝ ቦታ አልለቅም።»

ራም አይለቅ፣ ሊንከር አይልክ፣ ቺፑ አይነግር፣ ስክሪኑ አይጽፍ፣ በሩ አይከፈት፣ እትዬ የሺመቤት ሊመለሱ!

ፊደሎቹን ለመነቻቸው። «ወዴት እንነሳ?» አሏት በአንድ አፍ። «ጎረቤታችን ፍላሽ እዚሁ ቺፑ ውስጥ ሰፊ ግቢ አለው፤ ግን ማን የት እንደሚቀመጥ የሚወስነው የምደባ ዝርዝር ካልመደበን ደጁን አንረግጥም።»

ፊደሎቹ አይነሱ፣ ራም አይለቅ፣ ሊንከር አይልክ፣ ቺፑ አይነግር፣ ስክሪኑ አይጽፍ፣ በሩ አይከፈት፣ እትዬ የሺመቤት ሊመለሱ!

የምደባ ዝርዝሩ መነጽሩን ዝቅ አድርጎ አያት። «የሚለወጥ ወደ ራም፣ የማይለወጥ ወደ ፍላሽ። እነሱ አንለወጥም አላሉኝም። ምን አውቄ ልመድብ?»

ዝርዝሩ አይመድብ፣ ፊደሎቹ አይነሱ፣ ራም አይለቅ፣ ሊንከር አይልክ፣ ቺፑ አይነግር፣ ስክሪኑ አይጽፍ፣ በሩ አይከፈት፣ እትዬ የሺመቤት ሊመለሱ!

ትርሲት እንባዋ መጣ። ሰዓቱ ወደ ስምንት ይሮጣል፤ ሥራ መግባቷ ነው። እናቷ ፊቷን አይተው፣ «ምን ሆነሻል?» አሏት። «ፊደሎቹ ይለወጣሉ ተብሎ ቦታ አጣበቡብኝ» ብላ ጻፈችላቸው።

ወይዘሮ አስካለ ሳቃቸው አመለጣቸው። «ፊደል ይለወጣል እንዴ? ሀ ልጅ ሆኜም ሀ ነበረች፤ ዛሬም ሀ ናት!»

ትርሲት ከወንበሯ ዘላ እናቷን ሳመቻቸው። ለካ ጥፋቱ የራሷው ነው! «የማይለወጥ» የምትለዋን አንዲት ቃል፣ «ኮንስት»ን፣ ፊደሎቹ ፊት መጻፍ ረስታለች። ወዲያው ጻፈቻት።

ቃሏ ስትጻፍ ዝርዝሩ መደበ፤ ዝርዝሩ ሲመድብ ፊደሎቹ ጓዛቸውን ይዘው ፍላሽ ገቡ፤ ፊደሎቹ ሲነሱ ራም ተነፈሰ፤ ራም ሲተነፍስ ሊንከር ያለ አንድ ቀይ መስመር ላከ፤ ሊንከር ሲልክ ቺፑ ፕሮግራሙን ተቀብሎ ደወል መጠበቅ ጀመረ።

ትርሲት ቦርሳዋን አንግታ ልትወጣ ስትል ደወሉ ጮኸ። በሩን ልትከፍት አንድ እርምጃ ሄደችና ቆመች። ቺፑ ነገረ። ስክሪኑ ጻፈ።

«ሰው መጥቷል!» ብለው ወይዘሮ አስካለ ጮክ ብለው አነበቡ። ሽንኩርት የሚከትፉበትን ቢላዋ ጥለው፣ ነጠላቸው እየተጎተተ ሮጡ፤ በሩም ተከፈተ። እህትማማቾቹ አንገት ለአንገት ተያይዘው ተላቀሱ።

«ዛሬስ ሰማሽኝ?» አሉ እትዬ የሺመቤት። ወይዘሮ አስካለ ነገሩ ከእህታቸው አፍ እንቅስቃሴ ገባቸው።

«አምናም አልሰማሁሽም፣ ዛሬም አልሰማሁሽም» አሏቸው የእህታቸውን ጉንጭ በሁለት እጃቸው ይዘው። «ዛሬ ግን አነበብኩሽ።»

ትርሲት ያን ቀን ሥራ አረፈደች፤ ደስም አላት። ተረቴ አለቀች፤ እናንተም ወደየሥራችሁ።