ሳይጠራ የሚዞር ዓይን

አንድ አሰልጣኝ ነበረ። የሴቶች ቅርጫት ኳስ ቡድን ያሰለጥን ነበር።

ተማሪያቸው ትርሲት «እኛስ እግዚአብሔርን እንናፍቃለን፤ እሱ ግን እኛን ይናፍቃል?» ብላ ስትጠይቃቸው፣ የኔታ ነገሩን ከዚህ ጀመሩ።

«ምነው የኔታ፣ ኳስም ያያሉ እንዴ?»

«ዝም ብለሽ ስሚ።»

ሰውዬው በወጣትነቱ ተጫዋች ነበር። ጉልበቱ ተሰበረና ከሜዳው ወጣ። ሜዳው ግን ከእሱ አልወጣም። መስመሩ ዳር ቆሞ ለእያንዳንዷ ኳስ በእጁ ምልክት ያሳያል፤ ጭብጥ ሲያደርግ አንድ ነገር፣ ሁለት ጣት ሲያወጣ ሌላ ነገር። ልጆቹም ኳስ በያዙ ቁጥር ዞር ብለው ያዩታል። ያን ጊዜ ልቡ ይሞላል። ዓይኖቻቸው ሲዞሩ፣ አሁንም ውስጥ ያለ ይመስለዋል።

ተጋጣሚዎች ይህን አወቁ። ኳስ የያዘችው ልጅ አንገቷን ወደ አሰልጣኙ ስታዞር ጠብቀው ኳሷን መንጠቅ ያዙ። ከተመልካች መካከልም «አሰልጣኝ፣ ገመዱን ሳብ አድርገው እንጂ!» የሚል አልጠፋም። በገመድ የሚንቀሳቀሱ አሻንጉሊቶች ናቸው ማለቱ ነው።

የመጨረሻው ጨዋታ ደረሰ። ከተሸነፉ ከሊጉ ይወርዳሉ፤ ቡድኑም ይበተናል። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል አምበሏ ዞር አለች፤ ተነጠቀች። አሰልጣኙ ታይም አውት ጠይቆ ጨዋታውን ለአፍታ አስቆመ። ልጆቹ በላብ ተጠምቀው ከበቡት።

«ኮች፣ ምን እንጫወት?»

እጆቹን ኪሱ ከተተ።

«እኔ እንጃ። ውስጥ ያላችሁት እናንተ ናችሁ።»

«ውይ! ኮች፣ አሞሃል እንዴ?»

«ደህና ነኝ። ከእንግዲህ እኔን አትዩ። እርስ በርሳችሁ ተያዩ።»

ገቡ። አምበሏ በልማዷ አንገቷን ልታዞር ጀመረችና መለሰችው። «አስካል፣ ከኋላሽ!» የሚል የጓደኛዋ ድምፅ ተሰማት። «አለሁልሽ!» አለች ሌላዋ። እሱ ያላስተማራቸውን፣ እሱ ቢሆን የማይደፍረውን ኳስ ተቀባበሉ። አሸነፉ።

ማንም ዞር አላለም።

ደስታው እንባ አመጣበት፤ እንባው ግን የደስታ ብቻ አልነበረም። ጫማው መስመሩን ነክቶ ቆሟል። ኪሱ ውስጥ ጣቶቹ ተጨብጠዋል። አንዷ ብቻ፣ አንዴ ብቻ ዞር ብትል! ልጆቹ መሀል ሜዳ ላይ ተቃቅፈው ይዘላሉ፤ የሚያየው ጀርባቸውን ነው። ቢጠራቸው ሮጠው በመጡ ነበር። አልጠራቸውም። የናፈቀው ተጠርቶ የሚመጣ ዓይን አልነበረም።

የኔታ እዚህ ላይ አቆሙና ወደ ትርሲት ዞሩ።

«ይናፍቃል ወይ አልሽኝ። እሱ እኮ ነው በገዛ ፈቃድሽ እንድትሄጂ የለቀቀሽ። ዝም ሲልሽ የተወሽ ይመስልሻል። የት ይሄዳል? መስመሩ ዳር ቆሟል። አይጠራሽም፤ እሱ ከጠራሽማ መዞርሽ መታዘዝ ይሆናል።»

«ታዲያ ምን ላድርግ፣ የኔታ?»

«ኳስ ስትነጠቂማ ሁልጊዜ ትዞሪያለሽ፣ ልጄ። አንድ ቀን ስታሸንፊ ዞር በዪ።»