ጥርሱ ያማረ ቻክ

በእኛ በደሴ፣ ሰው ላይ ላዩን አይቶ ዕቃ ሲገዛ ወይም ሠራተኛ ሲቀጥር የሚባል አባባል አለ። ሰሚው ሁሉ የበቅሎ ነገር ይመስለዋል። ይህን ስሰማ ደሜ ይፈላል። ነገሩ የበቅሎ ሳይሆን የብረት ነው፤ መጀመሪያ ሲነገርም እዚያው ነበርኩ።

ያን ጊዜ በአቶ ጥጋቡ ጋራዥ በያጅ ነኝ። «አቶ» ልበለው እንጂ ከዚያ ወዲህ አንቱ ማለቱ አልሆነልኝም። ጥጋቡ ብረት እያሽከረከረ የሚቆርጥ አንድ ቶርኖ ማሽን ነበረው። በማሽኑ የሚሠራው አያልነህ እጁ ብርቱ፣ አፉም የማይመለስ ሰው ነው። ብረቱን ነክሶ የሚይዘው ቻክ ጥርሶቹ አልቀው ሥራ ማንሸራተት ስለጀመረ፣ ጥጋቡ ሌላ ሊገዛ አዲስ አበባ ሄደ።

ሲመለስ ሁላችንንም ጠርቶ ሳጥኑን ከፈተ። ቻኩ ትልቅ ነው፤ ያብረቀርቃል።

«እስቲ ጥርሶቹን እዩልኝ» አለ። «እነዚህ የነከሱት ይወጣል?»

አያልነህ ግን ቻኩን ገልብጦ ጀርባውን ዳሰሰ። «ጋሼ፣ የጀርባ ሳህኑስ?»

«የምን ሳህን?»

«ቻኩን ከማሽኑ ጋር የሚያገናኘው ክብ ብረት ነዋ። ሳህኑ ማሽኑ ላይ ይጠመዘዛል፣ ቻኩ ደግሞ በብሎን ሳህኑ ላይ ይታሰራል።»

«የአሮጌው ቻክ ሳህን አለ አይደል?»

«እሱማ ለዚህ ጠባብ ነው። ብሎኖቹ ጠርዙ ላይ ሊያርፉ ነው፤ ሳህኑ ደግሞ ጊዛ፣ ቀልጦ የተቀዳ ብረት ስለሆነ ጠርዙን ከበሱት ይሰነጠቃል። ሰፊ ጊዛ ያምጡልኝና በልኩ ቆርጬ ላዘጋጅለት።»

ጥጋቡ ፊቱን አጠቆረ። የሼህ ሙሄ የወፍጮ ዘንግ ዛሬ ይደርሳል ብሎ ቃል ሰጥቷል። ወፍጮው በመቆሙ የሰፈሩ ሴቶች እህላቸውን ተሸክመው ዳገት እየወጡ ነው። ሼህ ሙሄም ራሳቸው መጥተው በር ላይ ተቀምጠዋል።

አያልነህ ለቅሶ ሊደርስ ወጣ ብሎ ሲመለስ ጥጋቡ አሮጌውን ሳህን በትራፓኖ፣ በብረት መብሻው፣ በስቶ ጨርሶ፣ የማይገጥመውን ቦታ በቆርቆሮ ቁራጭ ደግፎ፣ ቻኩን አስሮ አገኘው። የሼሁም ዘንግ ተነክሶ ተዘጋጅቷል።

«በል ጀምር» አለው።

አያልነህ ሳህኑን ጎንበስ ብሎ አየና ቀና አለ። «እኔ በዚህ ላይ አልሠራም። እርስዎም አይሥሩ።»

«ማሽኑ የማን ነው?»

«የእርስዎ። ነፍሳችን ግን የየራሳችን ናት።»

«ፈሪ ከሆንክ ዞር በል!» ብሎ ጥጋቡ ራሱ ማሽኑን አስነሳ።

ቻኩ ሲዞር ከመሀል ወጥቶ ይወዛወዛል። ወለሉ ተንቀጠቀጠ። ሼህ ሙሄ ከበሩ ተነስተው፣ «ልጄ፣ ይሄ ነገር ጤና የለውም፤ አጥፋው» አሉት። ጥጋቡ እልህ ይዞት ይባስ ብሎ ፍጥነቱን ጨመረ። አያልነህ ሊያጠፋው ወደ ማሽኑ ዘለለ። እጁ ማጥፊያው ላይ ሲያርፍ ሳህኑ ተሰነጠቀ፤ ቻኩ ከነዘንጉ ተፈንቅሎ የአያልነህን ክንድ መታና የቆርቆሮውን ግድግዳ ቀዶ ወጣ።

ጥጋቡ አንድ ጭረት አልነካውም። አያልነህን ክንዱን በነጠላ አስረን ሐኪም ቤት ወሰድነው፤ አጥንቱ ከሁለት ተሰብሯል።

እስከዚህ ድረስ ጥፋት ነው፤ ሰው ይሳሳታል። ከዚያ በኋላ የሆነውን ግን ዛሬም መዋጥ አልቻልኩም። አያልነህ ገና ከአልጋ ሳይነሳ ጥጋቡ፣ «ብሎኑን ሆን ብሎ ያላላው እሱ ነው፤ ቀድሞም ቻኩን ጠልቶታል» እያለ በየቤቱ አወራ። ቦታውንም ለሌላ ሰው ሊሰጥ ተነሳ። ብሎኑ የታሰረው አያልነህ ለቅሶ ቤት ሳለ እንደሆነ እያወቀ ዓይኑን አላሸም።

ሽማግሌ ተቀምጦ ጉዳዩ እዚያው ጋራዥ ውስጥ ታየ። አያልነህ ክንዱን በአንገቱ አንጠልጥሎ መጣ። ጥጋቡ ክሱን ሲደግመው ተነስቼ ያየሁትን ተናገርኩ። ቀጥሎ ሼህ ሙሄ፣ «ብሎኑን ስታስር በሩ ላይ ተቀምጬ አይቼሃለሁ» አሉት። «ይህ ልጅ አልነበረም። ሲመጣም እንዳትሠራ ነገረህ። እኔም ነገርኩህ። ሰው ሊያተርፍህ ገብቶ አካሉ ሲጎዳ፣ ስሙን ደግሞ ታጠፋበታለህ?»

ሽማግሎቹ አያልነህ እስኪድን ደመወዙ እንዳይቋረጥ፣ ሲድን ወደ ቦታው እንዲመለስ፣ ጥጋቡም በሠራተኛው ፊት ይቅርታ እንዲጠይቅ ፈረዱ። ጠየቀ፤ ግን ጥርሱን ነክሶ ነው። ክንዱ ከዳነ በኋላም ከትከሻ በላይ አልነሳ ያለው አያልነህ፣ ከዓመት በኋላ የራሱን ቶርኖ ቤት ከፍቶ ሄደ።

የሽምግልናው ዕለት ሰው መበተን ሲጀምር ጥጋቡ መልሰን ከግድግዳው ሥር ያስቀመጥነውን ቻክ በእግሩ እየነካካ፣ «አታለሉኝ እኮ! ስገዛው አንድ በአንድ አይቻቸዋለሁ፤ ጥርሶቹ ምንም አልነበራቸውም» አለ።

«ጀርባውንስ አየኸው?» አሉት ሼህ ሙሄ።

«ጀርባውን ማን ያያል?»

ሼሁ ከዘራቸውን አንስተው ወደ በሩ እየሄዱ፣ ፊታቸውን እንኳ ሳይመልሱለት እንዲህ አሉ፦ «በጥርሱ የገዙት በጀርባው ይጥላል።»