ለባዶ ሣር የሰገዱት ገበሬ

ጥሩወርቅ የምትባል አንዲት ሴት ነበረች፤ ሥራዋ ከሳተላይት የተነሣ ፎቶ እያየች ካርታ መሥራት ነው። አንድ ቀን ለድንጋይ ማውጫ የተጠየቀ ኮረብታ እንድታጣራ ተሰጣት። ኮምፒዩተሩን ስትከፍት ቦታው መንዝ ነው፤ የተወለደችበት ቀዬ።

ሥራውን ረሳችው። ወንዙን ተከትላ የአባቷን ቤት ፈለገች። ቤቱ የለም፤ ባሕር ዛፍ በቅሎበታል። ወደ ገበያ የሚያወጣው ቀጭን መንገድ ግን አለ። አባቷ አቶ ደርብ በዚያ መንገድ ሲሄዱ፣ ይኸው ለድንጋይ የተጠየቀው ኮረብታ ላይ ሲደርሱ ባርኔጣቸውን አውልቀው ለባዶ ሣር ይሰግዱ ነበር። “የአያቶቻችን ቤተ ክርስቲያን እዚህ ነበረች” ይሏት ነበር። ፍርስራሽ የለ፣ ምልክት የለ። መንደርተኛው “ሣር ተሳላሚው” ብሎ ስም አወጣላቸው። እሷም ልጅ ነበረችና አፍራ ወደ ኋላ ትቀር ነበር። ሰውዬው እንደተሳቀባቸው ሞቱ።

ምእመናን፣ ኮረብታውን ከላይ ሆና ስታየው ምን አየች መሰላችሁ?

ፎቶው የተነሣው ክረምቱ እንደወጣ ነው። ከሥሩ ድንጋይ ያለበት ሣር ቀድሞ ይደርቃል። በለምለሙ መካከል ቢጫ ክብ፤ በክቡ ውስጥ ሌላ ክብ፤ በመካከሉ አራት ማዕዘን። የቤተ ክርስቲያን ቅርጽ ነው፤ ቅኔ ማኅሌቱ፣ ቅድስቱ፣ መቅደሱ!

የቅርስ ባለሙያዎች ይዛ ወረደች። ጥቂት ሲቆፍሩ የተጠረበ መሠረት ወጣ፤ የብዙ መቶ ዓመት ነው አሉ። ድንጋይ ማውጣቱም ቀረ። ታላቅ ወንድሟ ይርዳው እጁን መሠረቱ ላይ አሳርፎ ብዙ ቆየ።

“ጥሩወርቅ፣ እኔ እኮ ከሰው ጋር አብሬ ስቄባቸዋለሁ” አላት።

“እኔ ደግሞ እንደማላውቃቸው ሆኛለሁ” አለችው። ሁለቱም እዚያው ተቀምጠው አለቀሱ።

ወገኖቼ፣ አባታችሁ እንጀራ ሳይቆርስ የሚደግማትን ጸሎት ታስታውሳላችሁ? እናታችሁ ዘር ስትሰጥ የምታማትበውን? ጾም ሲገባ ቤቱ የሚሸተውን?

ከተማ ገባን፤ ተማርን። ያን ሁሉ የድሮ ሰው ወግ ነው አልነው። ለምን? የሚታይ ነገር አጣንበትና! ግን መሠረቱ ተነሥቷል ብሎ ማን ነገራችሁ? አፈር ለበሰ እንጂ መቼ ተነሣ?

አባት ያላችሁ፣ እናት ያላችሁ፣ ዛሬ ከዚህ ስትወጡ ደውሉላቸው። “ያኔ ምን እያሉ ነበር የሚጸልዩት?” ብላችሁ ጠይቁ። ጥሩወርቅ ቤተ ክርስቲያኗን አገኘች፤ የምትጠይቀውን ሰው ግን አጥታለች። እናንተ ገና አላጣችሁም።